ጽላሎ ባሕር በጓሳ ሕግ እንደ ተዘጋና እንደ ተከፈተ

ሚያዝያ ፪ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.፤ ከተወለደ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ከሆነው ከወንድምዎ ከኃይለመስቀል፣ በቅድስት አገር በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ለታላቅ እኅቴ ለእማሆይ እታገኝ።

አስቀድሜ ለታላቅነትዎም ለምንኩስናዎም እንደሚገባ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጉልበትዎ እንደምን ሰነበተ? የገዳሙን የድንጋይ ደረጃ መውጣትና መውረዱ አላደከመዎትም? ዓይንዎስ ዳዊቱን እንደ ቀድሞው ይለያል ወይስ እንደ እኔ መነጽር በመነጽር ላይ ደርበዋል? ጾሙ እንደምን ይዞዎታል? አብረውዎት የሚኖሩት እናቶች ሁሉ በጤና አሉ? እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ በምርኩዝም ቢሆን እሄዳለሁ፤ በመነጽርም ቢሆን አነባለሁ፤ ያለ ምርኩዝና ያለ መነጽር ደግሞ እከራከራለሁ። ቤተሰቡም በሙሉ ደኅና ነው። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ለልደት በዓል የመጡት ተሳላሚዎች ጽላሎ ባሕር ናፍጣ ጠጥቶ ሞተ ብለው እንደ ነገሩዎት፣ እርስዎም እጅግ እንዳዘኑ የገለጹበት ደብዳቤ በየካቲት መጨረሻ ደርሶኛል። መልሱን ይህን ያህል ማዘግየቴ ከቸልታ አይቁጠሩብኝ። እኔ ራሴ ያላረጋገጥሁትን ለማጽናኛ ያህል ብጽፍልዎ፣ ውሸቱ ከመንዝ ተነሥቶ ቅድስት አገር ድረስ ሊሄድ ነው ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን አረጋግጫለሁና በሙሉ አፌ እናገራለሁ። ሐይቃችን አልሞተም። ክፉኛ ታምሞ ነበር፤ ድኗል። እንዴት እንደ ዳነም ከሥሩ ጀምሬ ላጫውትዎ።

ከአገር ከወጡ ሠላሳ ዓመት አልፏልና አቀማመጡን ዘንግተውት እንደ ሆነ፣ ጽላሎ የጓሳ ሣር ከሚበቅልበት ከጓሳ ደጋ ግርጌ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የተቀመጠው ነው። በምዕራቡ ዳር እርስዎና እናታችን ለቀዳም ሥዑር ቄጤማ የምታጭዱበት ረግረግ አለ። በምሥራቁ ደግሞ በጠባብ መውጫ ወጥቶ ገደሉን ይወርድና የቆላውን ሰው ያጠጣል። ቄጤማ አጭዳችሁ ስትመለሱ ቀሚሳችሁ እስከ ጉልበታችሁ ርሶ ይንጠባጠብ ስለ ነበር፣ አባታችን ቄጤማውን ነው ያመጣችሁት ወይስ ሐይቁን እያሉ ይስቁባችሁ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል። ዛሬም የመንደሩ ሰውና በግ የሚጠጣው ከዚያው ነው፤ ሌላው ምንጭ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ የጽላሎ መታመም የመንደሩ መፈታት ማለት ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ ከቀየት ወደ ጓሳ በሚወጣው መንገድ፣ ናፍጣ የጫነ አንድ ቦቴ ከሐይቁ በላይ ካለው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ተገለበጠ። ሾፌሩ ከድር የሚባል የቆላው ከተማ ልጅ ሲሆን ክንዱ ተሰብሮ በሕይወት ወጣ። ናፍጣው ግን ቦዩን ይዞ ወረደና ከጽላሎ ገባ። እኔ በበቅሎ ስደርስ የሐይቁ ፊት ከዳር እስከ ዳር ቀስተ ደመና ለብሶ ያብረቀርቅ ነበር። በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያማረና እንዲህ ያስፈራኝ ነገር አላየሁም። ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። ከቄጤማው ሥር የውሃ ወፎቹ ይብራዎች ክንፋቸው ተጣብቆ መብረር አቅቷቸው ይንደፋደፋሉ።

የተሰበሰበው ሰው ከድርን ከብቦ፣ ይታሰር የሚለውም ይመታ የሚለውም ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀመረ። በዚህ ጊዜ የጓሳን ሣር የሚጠብቁት ሽማግሌዎች አለቃ አቶ ይታየው በመካከል ገቡ። እርሳቸውን አያውቋቸውም፤ እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው የተሾሙት። ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም ነው። «ክንዱን ቦቴው ሰብሮታል፤ እናንተ ደግሞ ምኑን ልትሰብሩለት ነው?» አሏቸው። ልጁም ክንዱን በነጠላ እንዳንጠለጠለ፣ «አባቶቼ፣ ይህ ውሃ የሚወርደው እኮ እናቴ ደጅ ነው» አለ። እናቱ ወይዘሮ አሚናት ከገደሉ በታች፣ ከዚሁ ወራጅ ቀድተው የሚጠጡ መሆናቸውን ያን ጊዜ ሰማን። ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም።

በማግስቱ ምሥራቅ የምትባል የዘመሮ ልጅ ደረሰች። የውሃ ምርመራ ተምራ በከተማ የምትሠራ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ አያቷን እርስዎ ያውቋቸዋል፣ የዘመሮው ግራ ጌታ ናቸው። እኔ እንደ መሰለኝ፣ ናፍጣ ከውሃ ላይ ከተንሳፈፈ እንደ ወተት ስልባቦት ገፎ መጣል ነው። ይህንኑ ብነግራት ፈገግ አለችና፣ የኔታ፣ ናፍጣ አንድ ነገር አይደለም፤ ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ወንድማማቾች በአንድ ስም የሚጠሩበት ቤተሰብ ነው አለችኝ። ቀላሉ ወንድም ፀሐይና ነፋስ ሲነካው በኖ ይሄዳል፤ አፍንጫችንን የሚያቃጥለን እርሱ ነው። በእኛ ብርድ ግን መሄጃውን ያዘገያል። ሌላው እንደ ጨው ሟሙቶ ከውሃው ጋር አንድ ይሆናል፤ ለዓይን አይታይም፤ በሐይቁ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን አስቀድሞ የሚጎዳ ይኸኛው ነው። ከባዱ ደግሞ ከደለል ጋር ተጋብቶ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከቄጤማው ሥር የገባው እንደ ሆነም ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል።

ወንዝ ቢሆን ይዞት በሄደ ነበር። ሐይቅ ግን በሩ ጠባብ ቤት ነውና የገባበትን እንግዳ በቶሎ አይሸኝም። በውሃ ውስጥ ናፍጣን የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ ነገር ግን እነርሱም እንደ እኛ አየር ይሻሉ። አየር ከሌለበት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ከተቀበረ ሥራቸውን አይሠሩም፤ ናፍጣውም ለብዙ ዓመት በዚያው ይኖራል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ተጠቃለለ፤ ናፍጣው ገና ከላይ ተንሳፍፎ ሳለ፣ ወደ ቄጤማውና ወደ መውጫው ሳይደርስ መያዝ አለበት። ጊዜው ደግሞ የነፋስ ጊዜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከቆላ የሚወጣው ነፋስ ናፍጣውን ወደ ቄጤማው ይነዳዋል፤ ጎሕ ሲቀድ ከጓሳ የሚወርደው ብርድ መልሶ ወደ መውጫው ይገፋዋል።

ምክር አልጠፋም። አንዱ ኦሞ እንበትንበት አለ። ምሥራቅ፣ ያን ጊዜ ከዓይናችሁ ይጠፋል እንጂ ከውሃው አይጠፋም፤ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ ይገባል ብላ ከለከለች። ሌላው መውጫውን አስፍተን ሁሉንም ወደ ገደሉ እንልቀቀው አለ። ሰው ሁሉ ወደ ከድር አየና አንገቱን ደፋ፤ ተናጋሪውም ጭምር።

በመጨረሻ ምሥራቅ፣ ረጅም የሣር ጉንጉን ሠርተን ውስጡን የበግ ጠጉር ብንሞላው፣ በሐይቁ ላይ ዘርግተን ናፍጣውን እናግተዋለን፤ ጠጉሩም ይመጥጠዋል አለች። የበግ ጠጉር ውሃን ትቶ ቅባትን የሚወድ ነው አለች። ሣር ሲባል እንግዲህ ጓሳ ነው። ጓሳ ደግሞ ሣሩ እንዲያድግ ከማጨድ ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ሕጉን እርስዎ ያውቁታል፣ ጊዜው ሳይደርስ አንዲት ዘለላ ያጨደ ሰው ከማኅበርተኛ አይቆጠርም። ሽማግሌዎቹ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠው መከሩ። ጥቂቶቹ፣ ዛሬ ለደግ ነገር ከፈትነው ብለን ነገ ለክፉ የሚጠይቀንን በምን እንመልሰዋለን ብለው ሠጉ። አቶ ይታየው እስኪጨርሱ አዳምጠው፣ «ጓሳን የምንዘጋው ለክፉ ቀን ነው ስንል ኖረናል፤ ክፉ ቀን ይህ ካልሆነ እንግዲህ መልኩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ንገሩኝና ልጠብቀው» አሉ። ተፈቀደ። ያን ዕለት ከቀትር በፊት የማጭድ ድምፅ እንደ ዝናብ ሲወርድ ሰማሁ። በእርጅና እጄ እኔም ገመድ ገምጃለሁ፤ እጄ ዘገየ እንጂ አልረሳም።

አሁን ደግሞ የገጠመንን ስሕተት ልንገርዎት፤ ይህን ስሕተት ከመንዝ ሰው በቀር ሌላ የሚሠራው አይመስለኝም። ጠጉር አምጡ ሲባል አገሩ ሁሉ ለብርድ ልብሱ ለባና መሥሪያ ያስቀመጠውን አወጣ። ነገር ግን ለማኅበር የሚሰጥ ነገር ከነእድፉ አይሰጥምና፣ ሴቶቹ በሙሉ ሌሊቱን በእንዶድ ሲያጥቡት አደሩ። ግንባር ቀደሟ የገዛ ባለቤቴ ወርቅአፈራሁ ነበረች። በማለዳ እንደ ጥጥ የነጣ ጠጉር በየእንቅቡ ተሸክመው ሲመጡ ደስ ያሰኝ ነበር። ጉንጉኑ ተሞልቶ ተዘረጋ፤ ጥቂትም ሳይቆይ ውሃ ጠጥቶ ከበደና ሰጠመ። ምሥራቅ አንዱን ጎትታ አውጥታ ዳሰሰችው፤ አሸተተችው። ከዚያም በጣም በቀስታ፣ እናቶቼ፣ አጥባችሁታል ወይ ብላ ጠየቀች። ለካ ጠጉሩ ውሃን የሚገፋው፣ ከበጉ ገላ በወጣው በራሱ ቅባት ኖሯል። እንዶዱ ያን ቅባት ወስዶታል። ወርቅአፈራሁ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ንጽሕናዬ ሐይቅ ሊገድል ነበር እያለች ትስቃለች፤ ያን ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። በየቤቱ የቀረ ያልታጠበ ጠጉር አልነበረም።

ያልታጠበ ጠጉር የሚገኘው ከበጉ ላይ ብቻ ነው። ወሩ ግን ኅዳር ነው፤ ሌሊቱን ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል። በዚህ ወራት በግ የሸለተ ሰው በጉን እንዳረደው ይቆጠራል። ምሥራቅ ይህን ስለምታውቅ፣ ሸልቱ ብላ ለመጠየቅ አፏ አልደፈረም። ነፋሱም መነሣት ጀመረ። ከሐይቁ ዳር ቤቱን የሠራው ወንድምአገኝ፣ ከጥቂት በጎቹ በቀር ሀብት የሌለው ሰው፣ ምንም ሳይናገር ሄዶ መሪዋን በግ ጎትቶ አመጣና ጥሏት መሸለት ያዘ። ጎረቤቶቹ አበድህ ወይ፣ በውርጭ ልትፈጃቸው ነው ወይ ብለው ተቆጡት። ቀና ሳይል፣ «ውሃ ካጣች ጠጉሯን ለብሳ ልትሞትልኝ ነው?» አላቸው። ከዚያ አንዱ በጎቹን ሊያመጣ ሄደ፤ ሌላው ተከተለው፤ ከቀትር በኋላ መስኩ ሁሉ መሸለቻ ሆነ።

እኅቴ ሆይ፣ ያን ምሽት ቢያዩት ኖሮ ከመደነቅዎ የተነሣ ማማተብዎ አይቀርም ነበር። የተሸለቱት በጎች እንዳይሞቱ ሰው ሁሉ ሌሊት የሚለብሰውን የራሱን ዝተትና ባና አውጥቶ በበጎቹ ጀርባ ላይ አሰረ። ወርቅአፈራሁ የሠርጓን ባና ለአንዲት ነፍሰ ጡር በግ አለበሰቻት። አቶ ይታየውም በጎቹን በየደጃፉ ተሸፋፍነው እንደ ቆሙ ሲያዩ፣ «እንደምን አመሻችሁ ብዬ እጅ ልነሣቸው ነበር፤ ከባለቤቶቻቸው ይልቅ እነርሱ ተከብረዋል» አሉ። እኛ ተቃቅፈን በጋቢ አደርን። ጥቂት ግልገሎች ሞተውብናል፤ የቀሩት ግን ውርጩን ተሻገሩ።

ያልታጠበው ጠጉር ተአምር ሠራ። ጉንጉኖቹ አንደኛው በመውጫው፣ ሁለተኛው በቄጤማው ፊት ተዘርግተው፣ ውሃውን እያሳለፉ ናፍጣውን እየያዙ ጠቆሩ። ጠጉሩ ሲጠግብ አውጥቶ መጭመቅ፣ ተጨምቆ እንደገና መመለስ ነው። የተጨመቀውን የምናጠራቅምበት ዕቃ ግን አጣን። ይህን ጊዜ ከድር በደኅና እጁ ስልኩን ይዞ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ነበር። በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ የቆላው ነጋዴዎች ባዶ በርሜልና ጀሪካን በአህያና በግመል ጭነው ዳገቱን ሲወጡ አየን። ወይዘሮ አሚናት ራሳቸው በበቅሎ ተቀምጠው ከፊት ይመሩ ነበር። ደርሰው እንደ ወረዱ አስቀድመው የልጃቸውን ክንድ አዩ፤ ቀጥሎ ሐይቁን አዩ፤ ከዚያ እጅጌአቸውን ሰብስበው ከወርቅአፈራሁ አጠገብ ጠጉር ይጨምቁ ጀመር። ሁለቱ እስከ ማታ ድረስ በሐሜት ጭምር ተወዳጁ። ማንን እንዳሙ አልነገሩኝም፤ እኔን ይመስለኛል።

ሳምንቱ ሳያልቅ የሐይቁ ፊት ጠራ። ሰማዩ እንደገና ታየበት። ሰው ሁሉ በጎቹን ሊያጠጣ ሲነሣ ምሥራቅ ከለከለች። ያያችሁት የጠራው ፊቱ ነው አለች፤ የሟሟው ወንድም ገና በውስጡ አለ፤ ከደለል የተጋባውም ከታች አለ፤ እነዚህን በጠጉር አናወጣቸውም፤ ፀሐይና ነፋስ፣ ጥቃቅኖቹም ሕያዋን ይሠሩታል እንጂ እኛ ማድረግ የምንችለው መታገሥ ብቻ ነው። እስከ መቼ ተባለች፤ አላውቅም፣ በየጊዜው እመረምራለሁ አለች። ይህ ቃል ከናፍጣው ይልቅ ከበደን። የተጠማ በግ ይዞ፣ የጠራ ውሃ እያየ፣ አትንካ የሚባል ሰው እንዴት ይታገሣል? ሌላ አገር ቢሆን ይህን የሚያስከብር ፖሊስ ባስፈለገ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን መንገዱን ያውቁት ነበርና፣ ጽላሎን እንደ ጓሳ ዘጉት። አቶ ይታየው በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው፣ ከዛሬ ጀምሮ ሐይቁ እንደ ሣሩ ዝግ ነው፤ የሣሩ ሕግ ሕጉ ነው፤ ሲከፈት በመለከት ትሰማላችሁ ብለው አወጁ። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀንም ሌሊትም በተራ ጠባቂ ቆመ፤ ውሃውም ከሩቁ ምንጭ በአህያ ተመላለሰ።

ለልደት ወደ እርስዎ የመጡት ተሳላሚዎች ከአገር ሲነሡ ሐይቁን ያዩት በዚህ ጊዜ ነው። በዙሪያው አንድም በግ፣ አንድም እንስራ የያዘች ሴት የለም፤ ይብራም የለም። ሞተ ብለው ቢፈርዱ አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ አንዳንድ ማለዳ ከዳሩ ቆሜ ጸጥታውን ሳዳምጥ ልቤ ይፈራ ነበር። ምሥራቅ በልደት ሰሞን መረመረች፤ አልደረሰም አለች። በጾሙ መግቢያ መረመረች፤ ቀንሷል፣ ገና ነው አለች። የወንድምአገኝ ሚስት አራት ወር ሙሉ በየማለዳው አህያ ነድታ ግማሽ ቀን ስትሄድ፣ ደጃፏ ላይ ያለውን ውሃ ቀና ብላ አላየችም። ሕጉን የጣሰ አንድም ሰው አልተገኘም። ይህን ስጽፍልዎ እጄ በኩራት ይጠነክራል።

በመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዋዜማ ምሥራቅ ሦስተኛውን ውጤት ይዛ መጣች፤ ውሃው ለሰውም ለከብትም በቅቷል። በበዓሉ ማግስት መለከቱ ተነፋ። ከቀየትም ከዘመሮም ሰው መጣ፤ ከቆላ እነወይዘሮ አሚናት ወጡ፤ ከድርም ክንዱ ድኖ አብሮ ነበር። ማን ይቅደም ሲባል ሁሉም በአንድ ቃል ወንድምአገኝን ጠራ። በጎቹ ጠጉራቸው በግማሽ በቅሎ እንደ ተማሪ ጭንቅላት አጥሮ ነበር። ወደ ውሃው ነዳቸው፤ ዳሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። እርስዎም እንደሚያውቁት በግ የሸተተውን ውሃ አይጠጣም። ምሥራቅ ከአጠገቤ ነበረች፤ ትንፋሿን እንደያዘች አውቄአለሁ። አቶ ይታየው ወደ እርሷ አመልክተው በቀስታ፣ «እርሷ በመሣሪያዋ መርምራለች፤ አሁን ባለቤቶቹ ይመርምሩ» አሉ። በኅዳር አስቀድማ የተሸለተችው መሪዋ በግ አንገቷን ዘረጋች፤ አሸተተች፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች። ከዚያ ሁለቱን የፊት እግሮቿን ከውሃው አግብታ ጠጣች። ረጅም ጊዜ፣ ቀና ሳትል ጠጣች። የቀሩትም በግራና በቀኝ ተሰለፉ። እልልታው ጓሳን ዞሮ ተመለሰ። ወንድምአገኝ ከውሃው ውስጥ ቆሞ፣ ጫማው መራሱን ሳያስተውል ያለቅስ ነበር።

ከእርስዎ እውነት አልሸሽግም፤ ሁሉም አልዳነም። ከቄጤማው በስተደቡብ ባለችው ማዕዘን ጭቃውን በዘንግ ሲነኩት ዛሬም ያ ቀስተ ደመና ጥቂት ጥቂት ይወጣል። ምሥራቅ በአጥር ለይታዋለች፤ ዓመታት ያስፈልጓታል ትላለች። እኛም ዓመታት መጠበቅ እንችልበታለን። በሰሜኑ በኩል ግን ቄጤማው ለምልሟል፤ ይብራዎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ተመልሰዋል።

ባለቤቴ ወርቅአፈራሁ ጉልበትዎን ትስማለች። ልጄ ታዲዮስ ከነሚስቱ ከነልጆቹ እጅ ይነሣል። የልጅ ልጄ ሲና ፊደል ጨርሳ ንባብ ጀምራለችና ስምዎን ራሷ ጽፋ በሌላ ወረቀት ልካለች። አቶ ይታየው ሳያውቁዎት ያከብሩዎታል። ወንድምአገኝም ከነሚስቱ በጸሎትዎ አስቡን ብሏል። ወይዘሮ አሚናት፣ ለቅድስቲቱ ከተማ ሰላም በሉልኝ ብለውኛል። ለገዳሙ እናቶች ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጽላሎ ሞተ ያሉዎትን ሰዎች ዳግመኛ ያገኟቸው እንደ ሆነም ይህን ደብዳቤ ያንብቡላቸው፤ በግ ጠጥቶበታል በሏቸው።

ከጽላሎ ዳር፣ ከመንዝ፤ ሚያዝያ ፪ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለትንሣኤ ወደ እርስዎ በሚመጡት በቄስ መርስዔ ኃዘን እጅ አሽጌ ልኬዋለሁ።